ለአየር ለውጥ የተላከው ወንድሜ

ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ከሚታጠብበት ድርጅት ከተቀጠርኩ ደግሞ አምስተኛ ዓመቴን። ቦርሳዬ ውስጥ ከአራት የታጠፈ ፎርም ነበረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ይዤው ተመላለስኩ፤ አንዲት ፊደል ግን አልጻፍኩበትም።

ፎርሙ የኮሌጅ ነው፤ የነርስነት ትምህርት። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የትምህርት ወረቀቱም ያልተሟላ ሰው እንግሊዝኛና ሒሳብ ተፈትኖ ካለፈ ይገባል ይላል። እንግሊዝኛውን አልፈራሁትም። አዲስ አበባ እያለሁ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ በሱቁ ያለውን ሁሉ አንብቤ ጨረስኩት፤ ባለሱቁ "አንቺን ነበር ኪራይ ማስከፈል" እስኪለኝ ድረስ። ሒሳቡ ያስጨንቃል፣ ግን እሱም ይጠናል። የሚያስፈራኝ "ፈተና" የሚለው ቃሉ ራሱ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኛ ቤት ፈተና ያለፈ አንድ ሰው አለ፣ የወደቀም አንድ ሰው አለ። ያለፈው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የወደቅሁት እኔ። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ማትሪክ ተፈተነ፣ ነጥብ መጣለት፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ምህንድስና ተምሮ ወጣ። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈተንኩና ከአምስቱ ትምህርት በአንዱ ሲ ያገኘሁት ቢ ቢሆንልኝ ኖሮ የምገባበትን በር አፍንጫዬ ላይ ዘጉት። ለሴት ልጅ የሚደረገው ቅናሽ እንኳ ታስቦልኝ ነው ያልሞላልኝ። ወንድሜ ይህቺን ነገር ይዞ አንድ ቀልድ አበጀ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወጣታል።

"የኛ ልጅ እኮ፣ በቅናሽ ሲሸጥ መግዛት ያቃታት ናት!"

ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም እንዲህ ስስቅ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ግን። እዚህ አገር ያስመጣኝ እሱ ነው። የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የገዛልኝ፣ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚረገጥ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ከሕንጻችን በር ላይ እጄን ይዞ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱም ቢሆን በዲግሪው አይደለም እንጀራውን የሚበላው፤ የከተማ አውቶብስ ይነዳል። ግን ፎርሙን ባሳየሁት ቀን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና መልሶ ሰጠኝ።

"ተይው ባክሽ። ሥራ አለሽ፣ ጤና አለሽ። ፈተናና አንቺ አትዋደዱም።"

ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ የከረመው ስለዚህ ነው።

የምሠራበት ማሽን አንሶላ መተኮሻ ነው። ከአልጋ የሚሰፋ የጋለ ሮለር አለው። አንሶላው እርጥብ እንዳለ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጫፍ ጫፉን ይይዝና አስተካክሎ ያጎርሰዋል። አንዷ ቀድማ ከለቀቀች አንሶላው ይጣመማል፣ ማሽኑ ይታነቃል። ስለዚህ የማሽን ጓደኛሽን እጅ እንደ ራስሽ እጅ ማወቅ አለብሽ። የእኔ ጓደኛ ቻይናዊት ነበረች፤ ሄናን ከሚባል ክፍለ ሀገር የመጣች፣ በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ። እኔን "ታናሽ እህቴ" ትለኛለች፤ በአገራቸው ልማድ ነው። እኛስ ታላቅ እህት ምን እንላለን ብላ ስትጠይቀኝ "እታለም" አልኳት፤ እንደዚያው ቀረ። እኔ እንግሊዝኛውን አነባለሁ እንጂ አፌ ላይ ይከብደኛል፤ እሷ ደግሞ እንዳሻት ትናገራለች እንጂ አታነብም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣች።

"ምን ሆነሻል እታለም? ሰው ሞተብሽ?"

"አልሞተም። የእህቴ ልጅ ውጤት መጣ።"

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ማለቷ ነው። አገሩ በሙሉ በአንድ ሰሞን የሚፈተነው፣ ልጆቹ ለእሱ ሲሉ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የሚያጡለት።

"ወደቀች እንዴ?"

"ምን ትወድቃለች! ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ናት።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሄናን መወለዷ።"

አልገባኝም። ማሽኑ አንሶላውን ጎረሰ፣ ሌላ አነሳን። እጇ እየሠራ አስረዳችኝ። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ያሉት እነ ቤጂንግ፣ እነ ሻንጋይ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ወንበሩን ለየክፍለ ሀገሩ ይመድባል። ለገዛ ከተማው ልጆች ሰፋ አድርጎ ይሰጣል፤ ለሄናን እፍኝ ይበትናል። ሄናን ደግሞ የሰው ጫካ ነው። ለእፍኙ ወንበር ያ ሁሉ ልጅ ሲሻማ ማለፊያው ነጥብ ጣሪያ ይነካል። ያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያው ክፍል፣ ለቤጂንግ ልጅ ግን ማለፊያው ወገብ ላይ ነው።

"ቆይ፣ ቆይ እስቲ" አልኳት። "የእህትሽ ልጅ በዚሁ ነጥብ ቤጂንግ ብትሆን ኖሮ ትገባ ነበር?"

"በአበባ ይቀበሏት ነበር።"

"ታዲያ ቤጂንግ ሄዳ አትፈተንም?"

ሳቀችብኝ። የቤተሰብ መዝገብ የሚባል አለ አለችኝ። እዚያ ላይ አገርሽ ተብሎ የተጻፈው ቦታ ነው የምትፈተኚው። አባትሽ ቤጂንግ ሄዶ ፎቅ ቢሠራ፣ አንቺም እዚያው ብታድጊ፣ መዝገቡ ሄናን ካለ ለፈተናው ሄናን ትመለሻለሽ።

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። አምስት ዓመት አብረን አንሶላ ስንይዝ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም።

"የአክስቴ ልጅ የቤጂንግ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ቤት ትመጣለች። ሒሳብ የማስጠናት እኔ ነኝ። አልጀብራ ስናወጣ ታለቅሳለች፤ እናቴ 'ነይ አታስለቅሻት' ትለኛለች። በአንድ ዓመት ተፈተንን። ከእኔ በታች አመጣች። በጥቂት እንዳይመስልሽ፣ በብዙ። እሷ እኔ የተመኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ክር ፋብሪካ ገባሁ።"

"ምን አልሻት?"

"እንኳን ደስ አለሽ አልኳታ! ምን ልበላት?" አንሶላውን ወጠር አድርጋ ያዘችው። "አሁን አስተማሪ ናት እዚያው። ስትደውል 'አንቺም ትንሽ ብታጠኚ ኖሮ' ትለኛለች።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ለሰው የተናደድኩበትን ጊዜ አላስታውስም። የባሰ ያበገነኝ ደግሞ የራሷ የእታለም ነገር ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ነጥቧን እስከ ጭራዋ በቃሏ ይዛ፣ መጨረሻ ላይ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ያው፣ ጭንቅላቴ አልደረሰም።"

"እታለም!" አልኳት፤ የማሽኑን ድምፅ አልፌ ጮህኩ መሰለኝ። "ጭንቅላትሽ ደርሷል! መስመሩን ነው ከፍ አድርገው የሰቀሉብሽ!"

በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አወራኋት። እኛ ጋ ነጥብ ዝቅ የሚደረገው ለሩቅ ጠረፍ ልጆች ነው፤ መምህር ለማይበረክትበት፣ መጽሐፍ ለማይደርስበት። ይሄ ደግሞ ፍትሕ ነው፤ ያኔም አልተቃወምኩትም፣ ዛሬም አልቃወመውም። እሷም "የእናንተ ይሻላል፤ የእኛ ቅናሽ ለቤተ መንግሥቱ ጎረቤት ነው" ብላ ሳቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረች።

"ግን እናንተ ጋ ብልጣብልጥ የለም? እኛ ጋ ዘመድ ወይም ገንዘብ ያለው አባት የልጁን መዝገብ ማለፊያው ዝቅ ወዳለበት ሩቅ በረሃ ያዛውራል። ልጁ በመጨረሻው ዓመት ሹልክ ብሎ ይሄዳል፣ እዚያ ይፈተናል፣ ተመልሶ ይመጣል።"

በመጨረሻው ዓመት ሹልክ ብሎ ይሄዳል።

እጄ ቆመ። አንሶላው በእሷ በኩል ገባ፣ በእኔ በኩል ቀረ፣ ተጠማዘዘና ማሽኑ ጓ ብሎ ታነቀ። ሱፐርቫይዘሩ ከወዲያ ማዶ "ሌዲስ!" እያለ እየሮጠ መጣ። ምን እንዳለን አላስታውስም። እኔ እዚያ አልነበርኩማ።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ አባታችን ለጎረቤት ምን ይል ነበር መሰላችሁ? "ልጁ ደረቱን ስለሚያመው ለአየር ለውጥ አጎቱ ጋ ልከነዋል።" አጎታችን ምዕራብ ጠረፍ ያለ የቆላ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዶሮ እንኳ ከሙቀቱ የተነሳ አፏን ከፍታ የምትውልበት አገር ነው፤ ወባው ደግሞ የታወቀ። እንግዲህ ከእንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፍ ከሚነፍስበት ቤት፣ ደረቱን የሚያመው ልጅ ወባ ወዳለበት ቆላ ለአየር ለውጥ ሄደ! ሰፈሩ በሙሉ "እግዜር ይማረው" አለ። አንባቢ ነኝ የምለውም እኔ ሃያ ዓመት ያህል አንድ ቀን "ምን ዓይነት አየር ነው እሱ?" ብዬ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ። ጤና ተጠያይቀን፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደህንነት አዳርሰን ካበቃን በኋላ ጥያቄዬን አመጣሁ።

"እማዬ፣ ያኔ እሱን ቆላ የላካችሁት ለምን ነበር?"

"ለአየር ለውጥ ነዋ! ደረቱን ያመው ነበር እኮ።"

"እማዬ።"

"ምን?"

"ወባ ወዳለበት?"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ፣ አለሁ" አለች። "አባትሽ ነው እንግዲህ፣ ነፍሱን ይማረው። የዚያ አገር ነጥብ ዝቅ ይላል ብሎ አጎትሽ ነገረው። ልጁ ደግሞ ትምህርቱ እንደምታውቂው ነው፣ ሰነፍ ብጤ ነበር። እዚህ ቢፈተን አይሆንለትም ብለን ነው።"

"እኔስ? እኔን ለምን አልላካችሁኝም?"

"አንቺማ ጎበዝ አልነበርሽ?" አለች፤ ጥያቄዬ በጣም ገርሟት። "አንቺ እዚሁም ታልፊያለሽ ብለን ነዋ!"

ስልኩን ዘጋሁ። አላለቀስኩም። ልቅሶ ሳይሆን ሳቅ ነው የመጣብኝ። ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ጓዝ ሲፈታ ውስጡ ምን ተገኘ? ጎበዝ መሆኔ።

እሁድ ከሰዓት ወንድሜ እንደ ልማዱ ከዳንፎርዝ ጎዳና ሥጋ ገዝቶ መጣ። ቁጭ ከማለቱ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አየው።

"አሁንም ይሄን ወረቀት አልጣልሽውም? የቅናሽ ነገር አይሆንልሽም ስልሽ..."

"ወንድምዬ" አልኩት፣ "ደረትህ እንዴት ነው?"

"የቱ ደረቴ?"

"ያ የሚያምህ። ለአየር ለውጥ የተላክህበት።"

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። የያዘውን ፌስታል ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

"ማን ነገረሽ?"

"ቻይና ነገረችኝ።"

"አትቀልጂ!"

"አልቀለድኩም። ቻይና ነገረችኝ፣ እማዬ አረጋገጠችልኝ።"

መጀመሪያ ተቆጣ። ሰውየው ሲያፍር ይቆጣል፤ የአባታችን ነው። "አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር! ሂድ ተባልኩ፣ ሄድኩ! በፈተናው ሁለተኛ ቀን ወባ ይዞኝ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የተፈተንኩት፣ ታውቂያለሽ? የአንቺን ወንበር አልወሰድኩም!"

"የእኔን አልወሰድክም" አልኩት። "የወሰድከው የዚያን አገር ልጅ ወንበር ነው። መምህር ሳይኖረው የተማረውን፣ ቅናሹ በስሙ የተሠራለትን ልጅ። እሱን የሚጠይቅህ እግዜር ነው፣ እኔ አይደለሁም። እኔን የበደልከኝ በቀልድህ ነው። በቅናሽ መግዛት ያቃታት ማን ናት? በቅናሽ የገዛውስ ማነው?"

መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ታች ልጆች ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ይሯሯጣሉ።

"እስክሪብቶ አለህ?" አልኩት።

ዞር ሳይል ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እዚያው ፊቱ ቁጭ ብዬ ፎርሙን ሞላሁት። ስሜን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ።

"ብትወድቂስ?" አለኝ። ይህቺን ግን ለማላገጥ አላላትም፤ ፈርቶልኝ ነው።

"ብወድቅ ወደቅሁ እላለሁ። የወደቅሁትን የማወራው ግን እኔ ነኝ። አንተ ለእንግዳ አታወራውም።"

ሥጋውን ጠበስኩ፣ በላን።

ሰኞ ለማሽን ጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለፈተናው ሰባት ሳምንት ነበረኝ። "ሒሳብሽ ምን ያህል ነው?" አለችኝ። እንደ ባቄላ እሸት ነው፣ ጥሬ፣ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ጋ ቆመን ታስተምረኝ ጀመር። እንዴት ያለች አስተማሪ ነበረች መሰላችሁ! ክፍልፋይ በአንሶላ አስተማረችኝ፤ ለሁለት ታጥፈዋለች፣ ለአራት ታጥፈዋለች፣ ለስምንት። "የአንሶላው ሩብ ሲሦው ስንት ነው?" ትላለች። ጋሪው ላይ ካለው ፎጣ ስንት በመቶው እንደተጣጠፈ ታስቆጥረኛለች። ስሳሳት አትቆጣም፣ አንሶላውን ወደ ራሷ ሳብ ታደርገዋለች፤ እሱ "ድገሚ" ማለት ነው። በብሬክ ሰዓት ምሳዋን በአንድ እጇ እየበላች በሌላው እጇ እኩልታ ትጽፍልኛለች። ሱፐርቫይዘሩ አንዴ ወረቀቱን አየና ምንድን ነው ቢለን "የአንሶላ ቆጠራ ነው" አለችው፤ ኤክስና ዋይ የሞላበትን!

አንድ ቀን እየሳቀች "አሁንም ለሰው ሒሳብ እያስጠናሁ ነው፤ ደግነቱ አንቺ ወንበሬን አትወስጂም" አለችኝ።

"ነይ አብረን እንፈተን፤ ወንበሩ ሁለት ይሁን" አልኳት።

"እኔ ፈተና ይቅርብኝ። ለአንቺ ማስጠናቱ ነው ደስ የሚለኝ።" የእህቷ ልጅ ዓመት ደግማ ልትፈተን መወሰኗን ያን ዕለት ነገረችኝ። "ግትር ናት፤ እኔን አልሆነችም" አለች፣ እየኮራች።

ፈተናው ቀን የጠዋት ሺፍት ነበረኝ። ፈቃድ ብጠይቅ ሱፐርቫይዘሩ እምቢ አለኝ። ጠዋት ደውዬ "አሞኛል" አልኩ፤ ዋሽቼ የቀረሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው፣ አልጸጸትም። አዳራሹ ውስጥ አብዛኞቹ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ኮረዳ ፈገግ ብላ "ልትፈትኚን ነው?" አለችኝ። "ልበልጥሽ ነው" አልኳት። ሳቀች። ሒሳቡ ሲመጣ እጄ ራሱ አንሶላ የያዘ ይመስል ጫፍና ጫፉን ማስተካከል ጀመረ። ስለ በመቶኛ አሥር ጥያቄ ነበረ፤ አንዱንም አልዘለልኩም።

ውጤቱ በደብዳቤ መጣ። እንግሊዝኛውን ከፍ አድርጌ፣ ሒሳቡን ለጥቂት አልፌያለሁ። ለጥቂት! ያቺ ጥቂት ድሮ በወዲያኛው በኩል ነበረች፤ አሁን በወዲህኛው በኩል ናት። ጭንቅላቴ ያው ጭንቅላት ነው። አዲስ አበባ ጭንቅላቴ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም፣ ቶሮንቶም የጨመረልኝ የለም። ካናዳ መስመር የላትም ብዬ አልዋሽም፤ አላት፣ የእኛን ሰው ስንቱን ከመስመሩ ታች ትታዋለች። እኔ የምለው አንድ ነው፤ ማንም ሰው "ወደቃችሁ" ሲላችሁ መጀመሪያ መስመሩን ማን እንዳሰመረውና የት እንዳሰመረው ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ካስፈለገ ይለቀሳል።

ደብዳቤውን ለጓደኛዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ አንሶላውን አነሳችና "ያዢ፣ ሥራ አለ" አለችኝ፤ ፊቷን ግን እስከ ብሬክ ድረስ ወደ እኔ አላዞረችውም።

መስከረም ላይ ትምህርት ጀመርኩ፤ የማሽኑን ሥራ ወደ ቅዳሜና እሁድ አዛወርኩት። ወንድሜ ቀልዷን ከዚያ ወዲህ አውጥቷት አያውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ "ነርሷ" እያለ ያስተዋውቀኛል፣ ገና ሳልጨርስ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ በጸደይ፣ እሱ ራሱ ለመሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተና ተመዘገበ። እዚህ አገር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ስለ እሱ ፈተና አንስቶ አያውቅም ነበር። ከአውቶብሱ ሲወርድ ቤተ መጻሕፍት እየገባ ስድስት ወር አጠና። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። ውጤቱን ባየበት ሰዓት ደውሎ፣ "ወደቅሁ" ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን ተመዘገበ።